ቢግአይ ቱና ከ400 ሜትር ጥልቀት በየሰዓቱ ለምን ብቅ ይላል? አማካይ ጥልቀቱስ ለመንጠቆ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «በአንድ ቢግአይ ቱና ሆድ ውስጥ ከተቀመጠ መዝጋቢ ታግ የተገኘ የአንድ ወር መረጃ እየተነተንኩ ነው። ታጉ ጥልቀት፣ ብርሃን፣ የውሃውን ሙቀትና የዓሣውን የሆድ ሙቀት ይመዘግባል። ዓሣው ጎህ ሲቀድ ወደ 400 ሜትር ይወርዳል፤ ቀኑን እዚያው ይውላል፤ በየሰዓቱ ግን ወደ 60 ሜትር ብቅ ብሎ ይመለሳል። ማታ 50 ሜትር አካባቢ ያድራል። የሚወጣው እንደ ዓሣ ነባሪ አየር ለመውሰድ ነው? ጥልቁስ የሚያርፍበት ቦታ ነው? አንድ ቀን 1,200 ሜትር ያሳያል፤ የሴንሰር ስህተት ነው ብዬ ልሰርዘው? አማካይ ጥልቀቱ 210 ሜትር ወጥቶልኛል፤ በዚህ መሠረት ለአስጋሪዎች የመንጠቆ ጥልቀት ልመክር አስቤያለሁ።»

ከመጨረሻው ልነሣ፤ ስህተቱ ወደ ሌሎች ሰዎች ሥራ የሚሻገረው እሱ ላይ ነውና። ያ ዓሣ 210 ሜትር ላይ አይኖርም። ቀኑን 400 ሜትር ውሎ ሌሊቱን 50 ሜትር የሚያድር ዓሣ ጥልቀቱ ተደምሮ ሲካፈል በመሀል የሚገኘው ቁጥር ሲወርድና ሲወጣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልፍበትን ውሃ ብቻ ያመለክታል። የወሩን መረጃ በየ25 ሜትሩ ከፋፍለው በእያንዳንዱ ክፍል ስንት ደቂቃ እንደቆየ በባር ግራፍ ያውጡት። ሁለት ጉብታዎች ያያሉ፤ አንዱ ወደ ላይኛው ውሃ ተጠግቶ፣ ሌላው 400 ሜትር ዙሪያ። በመሀላቸው ሸለቆ አለ፤ የእርስዎ 210 የወደቀው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው። መንጠቆ እዚያ ከተሰቀለ ቀንም ሌሊትም ዓሣው በሌለበት ይንጠለጠላል።

አሁን ወደ አየሩ። ቱና ሳንባ የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ከውሃ ነው። ብዙ ዓሦች ባሉበት ቆመው አፋቸውንና የስንጥብ ክዳናቸውን እያንቀሳቀሱ ውሃ ወደ ስንጥባቸው መሳብ ይችላሉ። ቱና ይህን አይችልም። አፉን ገርበብ አድርጎ ወደፊት ሲዋኝ ብቻ ነው ውሃው በስንጥቦቹ ላይ የሚያልፍለት፤ ከቆመ ይታፈናል። ስለዚህ ለትንፋሽ 60 ሜትር ድረስ መውጣት አያስፈልገውም፤ ደግሞም 60 ሜትር ላይ የሚጠብቀው አየር የለም። የሁለተኛው ጥያቄ መልስም ከዚሁ ይወጣል። ቱና ከተፈለፈለበት ጊዜ ብዙም ሳይርቅ ጀምሮ እስኪሞት መዋኘቱን አያቋርጥም፤ 400 ሜትር ላይም እየሠራ ነው። ሥራው አደን ነው።

በክፍት ውቅያኖስ ውስጥ ስኩዊዶች፣ ሽሪምፖችና ላንተርንፊሽ የሚባሉ ብርሃን የሚያመነጩ ትናንሽ ዓሦች ቀን ቀን ከአዳኞች ዓይን ለመሰወር ወደ ጨለማው ጥልቀት ይወርዳሉ፤ ጀምበር ስትጠልቅ ተያይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ብዛታቸው ከፍተኛ ከመሆኑ የተነሣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከብ ሶናር (ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚቀበል መሣሪያ) የላከው ድምፅ ከእነሱ ላይ ሲመለስ የባሕር ወለል መስሎ ይታይ ነበር፤ ይህ «ወለል» ማታ ማታ ከፍ፣ ጠዋት ጠዋት ዝቅ ሲል ነው ሕያው መሆኑ የታወቀው። ቢግአይ ቱና ይህን ንብርብር ነው የሚከተለው። ስሙን ያገኘበት ትልቅ ዓይንም 400 ሜትር ላይ የምትደርሰውን ጭላንጭል ለመጠቀም የተሠራ ነው። የመረጃዎትን የብርሃን ዓምድ ከጥልቀቱ ጋር ቢያነጻጽሩ ዓሣው ከተወሰነ የሜትር ቁጥር ይልቅ የተወሰነ የብርሃን መጠን ይዞ ሲወርድ ያገኙታል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችባቸው ሌሊቶች ከሌላው ሌሊት ጠለቅ ብሎ የሚያድረውም በዚህ ምክንያት ነው። የወሩን ሌሊቶች ሁሉ አንድ ላይ ከመጨፍለቅዎ በፊት የጨረቃን ዕድሜ የያዘ አንድ ዓምድ ይጨምሩ።

ታዲያ ምግቡ ታች ከሆነ በየሰዓቱ ለምን ይወጣል? ለመሞቅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቱና ጠለቃ ምሥጢር ያለው እዚህ ነው።

ዓሣ ሁሉ ሙቀቱ ከውሃው ጋር እኩል ነው የሚለው አባባል ለቱና አይሠራም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1835 ቱና ከሚኖርበት ውሃ የሞቀ ሰውነት እንዳለው ጽፏል። ምክንያቱን ፍራንክ ኬሪና ጆን ቲል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ሥራ አብራሩት። ቱና ያለማቋረጥ የሚዋኝበት ቀይ ጡንቻ በሌሎች ዓሦች እንደሚታየው ከቆዳ ሥር አይደለም፤ ወደ አከርካሪው ተጠግቶ በሰውነቱ መሀል የተቀመጠ ነው። ወደዚህ ጡንቻ የሚገባው ከስንጥብ የመጣ ቀዝቃዛ ደምና ከጡንቻው የሚወጣው የሞቀ ደም በብዙ ቀጫጭን ሥሮች ጎን ለጎን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈስሳሉ። የሚወጣው ሙቀቱን ለሚገባው ያስተላልፋል፤ ሙቀቱ ስንጥብ ጋ ደርሶ ወደ ባሕሩ ከመጥፋቱ በፊት ወደ ጡንቻው ይመለሳል። ይህ የሥሮች መረብ ባይኖር ኖሮ ደሙ በስንጥብ ባለፈ ቁጥር የጡንቻው ሙቀት ሁሉ ባሕር ውስጥ ይቀር ነበር።

ቢግአይ ላይ የሚደንቀው ይህን መረብ እንደ አስፈላጊነቱ ማብራትና ማጥፋት መቻሉ ነው። ኪም ሆላንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳሳዩት የዓሣው ሰውነት ሙቀት የሚያስተላልፍበት ፍጥነት በመቶ እጥፍ ደረጃ ይለዋወጣል፤ ሲጠልቅ ሙቀቱን ይዘጋበታል፣ ሞቃት ውሃ ውስጥ ሲገባ በሩን ይከፍትለታል።

ከመረጃዎ ውስጥ አንዱን ዙር ብቻ አጉልተው ይመልከቱ። ለምሳሌ ላይኛው ውሃ 26፣ 400 ሜትር ላይ ያለው 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። ዓሣው ሲወርድ የውሃ ሙቀት መስመሩ እንደ ገደል ይወድቃል፤ የሆድ ሙቀቱ መስመር ግን ለጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ውሃው 16 ዲግሪ ሲቀንስ ሆዱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙም አይለወጥም፤ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ዓሣው ቀጥ ብሎ ይወጣል። 60 ሜትር ሲደርስ የውሃው መስመር ወደ ላይ ይዘልላል፣ የሆዱ መስመርም አሁን ከቁልቁለቱ ይልቅ በጣም በፈጠነ ዳገት ይከተለዋል። ለመቀዝቀዝ አንድ ሰዓት ያህል የወሰደበትን በደቂቃዎች ውስጥ ያካክሳል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል። የማቀዝቀዣውንና የማሞቂያውን ተዳፋት ለየብቻ ቢለኩ ልዩነታቸው ራሱ መረቡ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚጠፋ ይነግርዎታል። በግራፍዎ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚደጋገመው የጥርስ ቅርጽ እንግዲህ ይኸው ነው። ትልቅ ዓሣ ሙቀቱን ይበልጥ ስለሚይዝ በሁለት መውጫዎች መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ የዓሣውን ርዝመት ሳይጽፉ የመውጫውን ድግግሞሽ ብቻውን ሪፖርት አያድርጉ።

ጡንቻው ሲሞቅ የማይሞቅ አንድ አካል አለ፤ ልብ። ልብ ከመረቡ ውጭ ስለሆነ የሚሠራው በውሃው ሙቀት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የልብ ምት ይቀንሳል፣ ለሞቀው ጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅንም ከዚያ ጋር ይወሰናል። ሰውነት የሞቀ ሆኖ ጥልቁ ውስጥ ላልተወሰነ ጊዜ መቆየት የማይቻለው በዋናነት በዚህ የተነሣ ነው። ብሉፊን ቱና በቅዝቃዜ መኮማተሩን የሚቀጥል ልብ ስላለው ከሁሉም ይልቅ ቀዝቃዛ ውቅያኖስ ይደፍራል፤ የአትላንቲኩ ብሉፊን ከ1,000 ሜትር አልፎ እንደሚጠልቅ ታጎች መዝግበዋል። ያው ብሉፊን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እንቁላል ለመጣል ሲገባ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ግዙፍና ሞቃት ሰውነቱ በሞቃቱ ላይኛ ውሃ ከልክ በላይ ሊግል ይችላል። ወደ ሰላጤው ሲገባና ሲወጣ በጥልቀት መጓዙም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ስለ ግፊት በግልጽ አልጠየቁም፤ ነገር ግን 1,200 ሜትሩን የተጠራጠሩት በዚህ ይመስለኛል። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ 400 ሜትር ላይ 41 እጥፍ ነው። ቢግአይ ለመንሳፈፍ የሚረዳው የአየር ከረጢት አለው፣ 400 ሜትር ሲደርስ ያ ጋዝ በውሃው ገጽ ላይ ከነበረው መጠን ወደ 41ኛ እጁ ይጨመቃል። ብዙ ሰው ሲመለስ ከረጢቱ ለምን አይፈነዳም ብሎ ይጠይቃል። በባሕሩ ወለል ላይ የሚኖር ዓሣ ከታች በመስመር ተጎትቶ ሲወጣ ከረጢቱ የሚነፋው ለቀናት እዚያው ኖሮ ከጥልቁ ግፊት ጋር የሚመጣጠን ጋዝ ስለሞላበት ነው። ቱና ግን ወርዶ በሚቆይበት አጭር ጊዜ ጋዙን ለመሙላት አይደርስም፤ ይዞት የወረደውን ያህል ይዞ ይወጣል፣ ስለዚህ ከረጢቱ ወደ ቀድሞ መጠኑ ብቻ ይመለሳል። የተጨመቀ አየር የሚተነፍስ ጠላቂ ሰውን የሚያሰጋው የደም አረፋም አያሰጋውም፤ ከውሃ የሚቀበለው ጋዝ በግፊት የታመቀ አይደለምና። ዋጋው ሌላ ነው፤ ታች ሲሆን ከውሃው ይከብዳል፣ የጎን ክንፎቹን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ዘርግቶ በፍጥነት ካልዋኘ ይሰምጣል። ይህንኑ ክብደት ግን ይጠቀምበታል፤ ጅራቱን ሳይመታ ወደ ታች እየተንሸራተተ ኃይል ይቆጥባል። ይህን ከጥልቀት መስመር ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የጅራት ምትን የሚቆጥር የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ያስፈልጋል።

ስለዚህ 1,200 ሜትሩን አይሰርዙ፤ ይመርምሩ። ቢግአይ ከ1,000 ሜትር በላይ መጥለቁ በተደጋጋሚ የተመዘገበ ነው። ይበልጥ ላይኛውን ውሃ የሚወደው የሎውፊን ቱና እንኳ በሕንድ ውቅያኖስ 1,160 ሜትር ደርሷል፣ በዚያ ጥልቀት ውሃው 5.8 ዲግሪ ነበር። እውነተኛ ጠለቃ ከሆነ ሦስት ምልክቶች አብረው ይገኛሉ። ጥልቀቱ በተከታታይ ንባቦች እየጨመረ ይሄዳል፣ በአንድ ንባብ ዘሎ አይገባም። የውሃው ሙቀት አብሮት ወርዶ በሞቃታማ ውቅያኖስ ወደ 4 ወይም 5 ዲግሪ ይጠጋል። የሆዱ ሙቀትም ዘግይቶ መቀነስ ይጀምራል። ጥልቀቱ 1,200 እያለ ውሃው 26 ዲግሪ ላይ ከቆየ ስህተቱ ጥልቀትን የሚለካው የግፊት ሴንሰር ነው። እንዲህ ያሉ አልፎ አልፎ የሚታዩ ጥልቅ ጠለቃዎች መንስኤ አንድ ብቻ አይደለም። ከገዳይ ዓሣ ነባሪ ወይም ከሻርክ መሸሽ፣ ምግብ ፍለጋ፣ በብሉፊን ላይ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ የሚታዩትን የመርፌ ቅርጽ ጠለቃዎች በተመለከተ ደግሞ አቅጣጫ ማወቅ በምክንያትነት ቀርበዋል። ከአንድ ዓሣ አንድ ጠለቃ ተነሥተው መንስኤውን በሪፖርትዎ ላይ አይወስኑ።

ያገኙትን ነገር ወደ ሌሎች ቱናዎች ማሻገርም አይገባም። የሎውፊንና ስኪፕጃክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት የውሃው ሙቀት በድንገት ከሚወድቅበት ንብርብር በላይ ነው፤ ከላይኛው ውሃ በ8 ዲግሪ ያህል ከቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆዩም። ቢግአይ 20 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይችላል። በኦክስጅንም እንዲሁ፤ የቢግአይ ደም ኦክስጅንን አጥብቆ ስለሚይዝ በሊትር 1 ሚሊሊትር አካባቢ ባለበት ውሃ ይሠራል፣ ሌሎቹ ሁለቱ 3.5 ያህል ይፈልጋሉ። በምሥራቃዊው ሞቃታማ ፓስፊክ ኦክስጅን ያነሰበት ውሃ ወደ ላይ ቀርቦ ስለሚገኝ የሎውፊንና ስኪፕጃክ ቀጭን በሆነ የላይኛ ንብርብር ውስጥ ተጨናንቀው ለዓሣ ማስገሪያ መረብ ይጋለጣሉ። እነዚያን ዓሦች «ጥልቀት አይወዱም» ማለት ስህተት ነው፤ ታች የሚበቃቸው ኦክስጅን የለም።

ቁጥሮቹን ከማመንዎ በፊት መረጃው ራሱ መጽዳት አለበት። ከተለቀቀ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ቀናት ለይተው ያስቀምጡ፤ ተይዞ፣ ሆዱ ተቀድዶ የተሰፋ ዓሣ ባሕርይ የተለመደ አይደለም። የግፊት ሴንሰር በጊዜ ብዛት ይንሸራተታል፤ ታጉ ከመገጠሙ በፊትና ዓሣው ተይዞ ጀልባ ላይ ከወጣ በኋላ ዜሮ ማንበቡን ያረጋግጡ፣ ልዩነት ካለ በመሀሉ ባሉት ቀናት ላይ አከፋፍለው ያርሙ። የንባብ ድግግሞሹ 10 ደቂቃ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስዱ መውጫዎች በሁለት ንባቦች መካከል ይሰወራሉ፤ የመውጫ ብዛት መቁጠር የሚቻለው ንባቡ በደቂቃ አንድ ወይም ከዚያ በበለጠ ሲሆን ነው። ቦታውን የሚያሰሉት ከብርሃን ከሆነ ቀትር የምሥራቅ ምዕራቡን፣ የቀኑ ርዝመት የሰሜን ደቡቡን ይሰጥዎታል፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመጋቢትና በመስከረም ሳምንታት ግን የሰሜን ደቡቡ ስሌት ይፈርሳል፣ የባሕሩን የላይኛ ሙቀት ካልጨመሩበት አይጠቀሙበት።

ወደፊት ከሰውነት ውጭ ተሰክቶ በተወሰነ ቀን ተላቅቆ በሳተላይት መረጃ የሚልክ ታግ ከተጠቀሙ ሌላ ወጥመድ አለ። ጥልቀቱ መለዋወጡን ቀጥሎ ብርሃኑ ቀንም ሌሊትም ጨለማ ከሆነ፣ ሙቀቱም ከውሃው ተለይቶ ከረጋ፣ ታጉ ያለው በሻርክ ወይም በሌላ አዳኝ ሆድ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የቱና መረጃ አይደለም። ሳያቋርጥ እየሰመጠ ሄዶ 1,800 ሜትር አካባቢ የተላቀቀ ታግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሞተ ዓሣ ምልክት ነው።

ለአስጋሪዎች ምን ይበሉ? 210 ሜትርን አይጻፉ፣ አንድ ቁጥርም አይስጡ። ከጎህ በፊትና በኋላ፣ ከምሽት በፊትና በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ቆርጠው ያውጡ፤ የቀሩትን ቀንና ሌሊት ለየብቻ ይተንትኑ፤ ለእያንዳንዳቸው ዓሣው በብዛት የቆየበትን የጥልቀት ክልልና የዚያን ክልል የውሃ ሙቀት ያቅርቡ። ሙቀቱ ከጥልቀቱ ይልቅ ወደ ሌላ ባሕር ይሻገራል፤ 10 ዲግሪ ውሃ በአንድ አካባቢ 400 ሜትር፣ በሌላው 250 ሜትር ላይ ሊገኝ ይችላል። ተንሳፋፊ ነገር ወይም በባሕር ውስጥ ያለ ተራራ አካባቢ ያሉ ቢግአዮች ቀንም ቢሆን ላይኛው ውሃ ውስጥ ስለሚቆዩ እነዚያን ቀናት ይለዩ።

ሎንግላይን (በተንሳፋፊዎች የተያዘ፣ ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ) ለሚጥሉ፣ በስሌት የተገኘ የመንጠቆ ጥልቀት አይታመንም። በሁለት ተንሳፋፊዎች መካከል ገመዱ ሆዱን ጥሎ ይወርዳል፤ መሀል ያለው መንጠቆ ከዳሮቹ በጣም ይጠልቃል፣ ሞገድና የውሃ ውስጥ ፍሰት ደግሞ ሁሉንም ከተሰላው በላይ ወደ ላይ ያነሣቸዋል። በመሀለኛው መንጠቆና ከተንሳፋፊው አጠገብ ባለው ላይ ትናንሽ የጥልቀት መዝጋቢዎች ታስረው እውነተኛው ጥልቀት ሳይለካ ምክርዎ በባዶ ላይ ይቆማል። ቀን በጥልቀት የሚጣል መስመር ቢግአይን ዒላማ ያደርጋል፤ ማታ ላዩ ላይ የሚጣለው ግን የባሕር ኤሊዎችንና ሻርኮችን አብሮ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ጉብታዎች አንዱን መምረጥ ካለብዎ የቀኑን ይምረጡ፤ ከጎህ በኋላ ተጥሎ ከምሽት በፊት የሚነሣ፣ አብዛኛው መንጠቆው የቀኑ ጉብታ ባለበት ሙቀት ውስጥ የሚንጠለጠል መስመር ይምከሩ። የአንድ ዓሣ የአንድ ወር መረጃ ደግሞ ለዚህ ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ከማቅረብዎ በፊት በዚያው ባሕር ከተለያዩ ወቅቶችና ከተለያየ ርዝመት ካላቸው ዓሦች የተገኙ ሌሎች ታጎችን በዚሁ መንገድ ይተንትኑ።